እርሳስ፣ ባሩድና ቀለሃ፦ የድሮ ጠመንጃ ጥይት በአባቶቻችን አገር እንዴት ይገኝ ነበር?



በአሽዶድ የሚኖሩ አንድ አባት በልጅነታቸው ጎንደር ውስጥ ያዩትን ሥራ ሲያጫውቱን ድምፃቸውን ቀርጸን ነበር። አባታቸው ቀጥቃጭ እንደነበሩ፣ በክረምት ማግስት እርሳስ አቅልጠው አረር ያፈሱ እንደነበር፣ እሳቸውም ወናፍ ይነፉ እንደነበር ነገሩን። ጨዋታውን ወደ ዕብራይስጥ የመለሰችው የልጅ ልጃቸው እዚሁ ተወልዳ ያደገች በመሆኗ «እርሳስ» ሲባል የምታውቀው የትምህርት ቤቱን እርሳስ ነው። ስለዚህ በዕብራይስጡ ጽሑፍ ላይ ቅድመ አያቷ ዒፓሮን የሚያቀልጡ ሰው ሆነው ቀሩ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም አብራን ሳቀች። የሚገርመው ዕብራይስጡም ቢሆን ብረቱን ዖፌሬት፣ መጻፊያውን ዒፓሮን ብሎ ሁለቱን ከአንድ ሥር ማውጣቱ ነው።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ሌሎቹን ቅጂዎች መለስ ብለን አዳመጥን። «ቀለሃ» የሚለው ቃል በአንዱ ቦታ ተዘልሏል፣ በሌላው «ታርሚል» ተብሎ በትክክል ከተጻፈ በኋላ አራሚው በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ መስሎት አስተካክሎታል። «ውጅግራ» የሰው ስም ተደርጓል። እነዚህን ጽሑፎች ነገ ተመራማሪዎች ይጠቀሙባቸዋል፤ ተናጋሪዎቹ ደግሞ ሁልጊዜ አብረውን አይኖሩም። በዚህ እትም ስለ ድሮው ጠመንጃና ስለ ጥይቱ ለመጻፍ የተነሣነው ለዚህ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልጆቻችን ደጋግመው የሚጠይቁትን እንመልስ። ሳባ አጋዘን ያድን ነበር ወይ? በፈረንጅ ፊልም የሚታየው ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ አጋዘን በኢትዮጵያ የለም። በጎንደር ተራራና ቆላ የነበረው ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ሰሳ ነው፤ በስሜን ደግሞ ዋልያ። ኦሪት ከእነዚህ ወገን የሆኑትን ንጹሕ ብላ ትቆጥራቸዋለች፤ ነገር ግን በቢላ ሳይታረድ በጥይት የሞተ እንስሳ ለቤተ እስራኤል ሰው ምግብ አይሆንም። ስለዚህ ጥሩ ተኳሽ መሆን ለድስት ብዙም አልጠቀመም። አባቶች ጠመንጃ የያዙት በአብዛኛው ማሽላውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ፣ ከብቱን ከጅብና ከነብር፣ ቤቱን ከሽፍታ ለመጠበቅ ነበር። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች ለሥጋም ያድኑ ነበር፤ የእነሱንም ጠመንጃ የሚጠግነው ብዙ ጊዜ የእኛው ቀጥቃጭ ነው።

የጠመንጃዎቹ ስም ራሱ ታሪክ ነው። «ሰናድር» የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ በ1868 ጄኔራል ናፒየር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት ወታደሮቹ ይዘውት የመጡት ነው። «ውጅግራ» ደግሞ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ማለት የግራ ጠመንጃ ነው። ባዚል ግራ የተባለው መኮንን በ1874 ያወጣው ሲሆን፣ የፈረንሳይ ሠራዊት በ1886 ወደ ለቤል ሲዛወር አሮጌው ውጅግራ በገፍ ለነጋዴ ተሸጠ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ገጣሚው አርቲር ራምቦ ሳይቀር ሁለት ሺህ የሚያህል አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ በ1887 ሸዋ ደርሷል፤ በንግዱ ብዙም አልቀናውም። «ለበን» ያው ለቤል ነው። «ቤልጅግ» በቤልጅግ አገር የተሠራው ማውዘር ነው። «ምንሽር» ስሙን ያገኘው ከኦስትሪያው ማንሊኸር ነው፤ ነገር ግን የጣሊያኑ ካርካኖም ጥይት የሚጎርስበት ስልት የማንሊኸር በመሆኑ ብዙ ሰው እሱንም ምንሽር ይለዋል። ስለዚህ አንድ አባት ምንሽር ካሉ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጣሊያኑ ከሆነ ወደ ቤቱ የገባው ከጦርነት ምርኮ ወይም በ1941 ጣሊያን ሲወጣ ሊሆን ይችላልና፣ የቤተሰቡን ታሪክ ዘመን ለመገመት አንድ ቃል ይበቃል።

ጠመንጃው ከጥይቱ በላይ ዕድሜ አለው። ብረቱ ከአባት ወደ ልጅ ይወርሳል፤ ጥይቱ ግን ፈረንሳይ ወይም ኦስትሪያ ውስጥ መሠራት ካቆመ በኋላ በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል። በሚያልቀው ነገር ላይ ዋጋ እንደሚጨምር ግልጽ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ ላይ በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት ከማርያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ዝናሩን የታጠቀ ሰው መሣሪያውንም ቦርሳውንም ታጥቋል ማለት ነው። አንድ ዝንጀሮ ለማባረር ጥይት መተኮስ እንግዲህ ገንዘብ መተኮስ ነበር፤ ልጆች በማሳ ማማ ላይ በወንጭፍና በጅራፍ የሚውሉትም ለዚህ ነው።

ሌላው ችግር የዓይነቱ መብዛት ነው። በጉንደት በ1875ና በጉራዕ በ1876 ከግብፅ ሠራዊት ሬሚንግተን ተማረከ፤ በ1896 ከዐድዋ የጣሊያን ቬተርሊ መጣ። በአንድ መንደር አምስት ጠመንጃ ቢኖር አምስቱ የማይዋዋሱ ሊሆኑ ይችላሉ። በ1935 የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ኃያላኑ መንግሥታት ለኢትዮጵያ መሣሪያ መሸጥ ማቆማቸው ጉዳቱን አባባሰው። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን አርበኛው ጥይት የሚያገኝበት ዋናው መንገድ ከጠላት መቀማት ነበርና የጣሊያኑን ጠመንጃ መያዝ ተመራጭ ሆነ።

ያገለገለው ቀለሃ እንዴት ይሞላ ነበር?

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፤ ናሱ ቀለሃ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከፊት የሚሰካው አረር፣ እና ከቀለሃው ቂጥ ላይ መርፌው የሚመታት ትንሿ ቆብ። ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ቆቧ ትሞታለች፤ ቀለሃው ብቻ ይቀራል። ዋናው ሀብት እሱ ስለሆነ ተኳሽ ከተኮሰ በኋላ ጎንበስ ብሎ ቀለሃውን ይፈልጋል እንጂ አይጥለውም።

ከሁሉም ለመንደር ሥራ የሚመቸው ውጅግራ ነው። አረሩ ልባስ የሌለው እርሳስ ነው፤ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 25 ግራም። ባሩዱ ጥቁሩ ባሩድ ሲሆን ፋብሪካው በአንዱ ቀለሃ ውስጥ አምስት ግራም ከሩብ ያህል ይጨምር ነበር። እርሳስ በቤት ምድጃ ይቀልጣል። ጥቁር ባሩድም በኢትዮጵያ ፋብሪካ ሳይኖር ከጨው ባሩድ፣ ከድኝና ከከሰል ሲዘጋጅ የኖረ ነገር ነው፤ ድኙ ከአፋር በረሃ ይመጣ ነበር። ናሱም ወፍራምና ሰፊ ስለሆነ ደጋግሞ ቢሞላ ይታገሣል። በየተኩሱ ግን ናሱ እየለጠጠ፣ አፉ እየተሰነጠቀ ይሄዳል፤ ቀጥቃጩ በእሳት አለስልሶ ቅርጹን ይመልስለታል።

አስቸጋሪዋ ቆቧ ናት። ከውጭ ካልመጣች ምትክ የላትም። ሰዎች የሞተችውን ለማስነሣት የተጠቀሙበትን ዘዴ አባቶች ነግረውናል፤ እዚህ አንዘረዝረውም፣ ምክንያቱም አንዳንዱ በመተኮሻው ሰዓት ዝም ይላል፣ አንዳንዱም ገና ሲሠራ በእጅ ላይ ይፈነዳል። ጣታቸው የጎደለ ሰዎችን ያየን ብዙዎች ነን።

ጥቁር ባሩድ ጭሱ ብዙ ነው፤ ተኳሹ የት እንዳለ ለጠላት ይነግራል። አመዱም እርጥበት ይስባልና አፈሙዙ ቶሎ ካልታጠበ ይዝጋል። ያነጋገርናቸው አንዲት እናት በሙሽርነታቸው የአማታቸው ጠመንጃ በፈላ ውኃ ሲታጠብ ውኃውን የሚያፈሉት እሳቸው እንደነበሩ፣ ቡናውም እስኪያልቅ ይጠብቅ እንደነበር አጫውተውናል። ይህን ዓይነቱን ነገር በመጽሐፍ አናገኘውም።

ለበን፣ ምንሽርና ቤልጅግ ግን ሌላ ዘመን ናቸው። በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬ ጭስ የሌለውን ባሩድ ካገኘ በኋላ ጠመንጃው ቀጠነ፣ አረሩም በመዳብ ወይም በኒኬል የተለበሰ ሆነ። ለበን 8 ሚሊ ሜትር፣ የጣሊያኑ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ ያለውን ባሩድ በመንደር መሥራት አይቻልም፤ ልባስ የሌለው እርሳስም በዚያ ፍጥነት አፈሙዙን ይለጥፈዋል። ከሁሉ የከፋው የአዲሱን ባሩድ አፍስሶ በአሮጌ ውጅግራ ቀለሃ መሙላት ነው፤ ግፊቱ ስለሚበልጥ ብረቱን ሊፈነዳው ይችላል፤ የተኳሹ ፊት ደግሞ ከዚያው አጠገብ ነው። የጣሊያኑ ጠመንጃ በተጨማሪ ስድስት ጥይት የሚይዝ የብረት ማቀፊያ ይፈልጋል፤ ማቀፊያው ከጠፋ አንድ በአንድ ከማጉረስ በቀር መንገድ የለም። ለዚህ ነው አዲሱ ጠመንጃ የተከበረ፣ አሮጌው ግን የማይራብ ነበር የሚባለው።

አሁን ወደ ቀጥቃጩ እንመለስ። በወለቃም ሆነ በሌሎቹ መንደሮቻችን ብረት ሥራ የወንዶቻችን፣ ሸክላ ሥራ የሴቶቻችን መተዳደሪያ ነበር፤ መሬት የማግኘት መብት እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ለአብዛኛው ወገናችን ዝግ ነበርና። ማረሻውን የሚስለው፣ የጠመንጃውን መርፌ የሚተካው ሰው በቀን ይፈለጋል፣ በማታ ቡዳ ይባላል። ያው ጎረቤት ጥይቱን ሊያስሞላ ሲመጣ ከደጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ እቤት ገብቶ ምግብ አይቀምስም፤ የእኛም ሰዎች በበኩላቸው የመንጻት ሥርዓታቸውን ይጠብቁ ነበር። ሕይወቱን ለዚያ ሰው እጅ አሳልፎ እየሰጠ (በደንብ ያልተሞላ ጥይት ተኳሹን ነው የሚገድለው) ሰውየውን ይፈራዋል። ይህን ሲነግሩን አባቶች ድምፃቸው ይለወጣል። ሥራውን ለልጆቻቸው ለምን እንዳልተረኩ ስንጠይቅ አብዛኞቹ የሚመልሱልን እዚህ ላይ ነው፤ ስድቡን አብረው ማውረስ አልፈለጉም።

ባለፈው ዓመት ከማኅበራችን አባላት ጥቂቶቹ ረሖቮት ወደሚገኘው የአያሎን ተቋም ሄደን ነበር። ከአሽዶድ ሩቅ አይደለም። በ1945 እና በ1948 መካከል ከእንግሊዞች ተደብቆ፣ ከልብስ ማጠቢያና ከዳቦ ቤት ሥር ስምንት ሜትር ያህል ከመሬት በታች ከሁለት ሚሊዮን በላይ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት የተሠራበት ቦታ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ናሱን ያስገቡት የከንፈር ቀለም መያዣ ሊሠሩበት ነው ብለው እንደሆነ አስጎብኚዋ ስትነግረን ሴቶቹ ሳቁ። ወናፍ ሲነፉ ያደጉት አባታችን ግን በየመኪናው ፊት ቆመው፣ አስጎብኚዋ ከመናገሯ በፊት፣ ይኼ ናሱን የሚስብ ነው፣ ይኼ አፉን የሚያጠብ ነው፣ ይኼ ቆቧን የሚያስገባ ነው እያሉ በአማርኛ ይነግሩን ጀመር። የልጅ ልጃቸው ወደ ዕብራይስጥ መለሰችላት። በዚያን ቀን «ቀለሃ» ታርሚል መሆኑን አወቀች፤ አስጎብኚዋም እዚያ የነበሩትን ሥራዎች በሌላ አገር በእጅ የሠራ ሰው ልጅ አገኘች።

የእነዚያ ጠመንጃዎች ጥይት ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በሰርቢያ ኡዚሴ ከተማ ያለው ፕርቪ ፓርቲዛን የተባለው ፋብሪካ የለቤልንም የጣሊያኑን 6.5ም ጥይት ለአዳኞችና ለሰብሳቢዎች ሠርቷል። የውጅግራን ቀለሃ የሚፈልግ ግን ለዚሁ ብቻ ከተሠራ ናስ ውድ ዋጋ ከፍሎ መግዛት፣ አረሩንም ራሱ ማፍሰስ አለበት። ይህ በአሜሪካና በአውሮፓ በፈቃድ የሚሠራ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው።

በእስራኤል ግን ሕጉን እንወቅ። በ1949ኙ የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ ክልክል ነው፤ መሙላትም እንዲሁ። ከአያት የቀረ አንድ ጥይት በመሳቢያ ውስጥ ካለና ያልተተኮሰ ከሆነ፣ ከዕቃነቱ ይልቅ አደጋነቱ ይበልጣል፤ አትፍቱት፣ አታሙቁት፣ አታጽዱት፣ ወደ 100 ደውላችሁ ለፖሊስ አሳውቁ። በ1948 የግብፅ ጦር በቆመበት በዓድ ሃሎም አካባቢም ሆነ በኒጻኒም አሸዋ ላይ ልጆች የዛገ ነገር ካገኙ ሳይነኩት ለአዋቂ ይንገሩ።

የተተኮሰ ባዶ ቀለሃ፣ ባዶ ዝናር፣ የአረር ማፍሰሻ ወይም ጠመንጃ የያዘ ዘመድ ፎቶግራፍ ያላችሁ ቤተሰቦች ግን ፎቶውን ለማኅበሩ አሳዩን። ቀለሃው ቂጥ ላይ ፊደልና ቁጥር ካለ በቅርብ አንሡት፤ የተሠራበት ዓመትና ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ተቀርጿል። አባቶችን ስትጠይቁም ስንት ሰው ተኮሱ ብላችሁ አትጀምሩ። ጠመንጃው ማን ይባል ነበር፣ ጥይቱ ከየት ይመጣ ነበር፣ ማን ይሞላው ነበር፣ ከአገር ስትወጡ ለማን ተዉት ብላችሁ ጠይቁ። ለመጨረሻው ጥያቄ የእኛ አባት የመለሱልን፣ በእግር ወደ ሱዳን ሲነሡ ውጅግራውን ከሦስት የተሞሉ ጥይቶች ጋር ለክርስቲያን ጎረቤታቸው እንደሰጡ፣ ቀለሃዎቹን ግን እንዳይጥላቸው አደራ እንዳሉት ነው።