ብሎኑና መዝገቡ

አንድ የጦር አውሮፕላን፣ ሚሳይል ወይም ሳተላይት ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ጥራቱን በምርመራ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ምክንያቱም የሰው ሕይወት የተንጠለጠለባቸው ነገሮች፣ ማለትም ብረቱ የጋለበትና የቀዘቀዘበት ሁኔታ፣ ብሎኑ የጠበቀበት ኃይል፣ ሙጫ የተቀባው ገጽ ንጽሕና፣ ሁሉም ከቀለምና ከሽፋን ሥር ተደብቀው ይቀራሉ። አንዳንዶቹን ዕቃውን ሳይሰብሩ ማወቅ ፈጽሞ አይቻልም፤ የተሰበረ ዕቃ ደግሞ አይበርም። ስለዚህ መንግሥትም ሆነ አየር መንገድ እምነቱን የሚጥለው ካለቀው ዕቃ ይልቅ ዕቃው በተሠራበት መንገድ ላይ ነው። ይህ መንገድ እንዴት እንደሚታቀድ፣ ማን እንደሚመራውና እያንዳንዱ እርምጃ እንዴት በጽሑፍ እንደሚያዝ የሚደነግጉት ሰነዶች የምርት አመራር ደረጃዎች ይባላሉ።

በአሜሪካ የእነዚህ ደንቦች ዋነኛ ምንጭ ለረጅም ጊዜ ወታደሩ ነበር። በ1959 የወጣው ሚል-ኪው-9858 የተባለ ሰነድ (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለመከላከያ የሚያቀርቡ ፋብሪካዎች የጥራት አጠባበቅ ሥርዓት እንዲኖራቸው ሲያስገድድ፣ የምርት አመራርን የሚመለከት ሚል-ስታንዳርድ-1528ኤ የተባለ ራሱን የቻለ ሰነድም ኋላ ተጨምሮ ነበር። በሰኔ 1994 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዊሊያም ፔሪ፣ ወታደራዊ ደንቦች ወጪን እያናሩ ነው በሚል፣ በተቻለ መጠን በንግዱ ዓለም ደረጃዎች እንዲተኩ አዘዙ፤ በዚህ ሂደትም ሁለቱም ሰነዶች ተሻሩ። ጥራትን በተመለከተ ክፍተቱ ቶሎ ተሞላ፤ በ1999 የወጣው ኤኤስ9100፣ በመላው ዓለም የታወቀውን አይኤስኦ 9001 መሠረት አድርጎ ለበረራ ዕቃዎች የሚያስፈልገውን ጥብቅ ቁጥጥር ጨመረበት። የምርት አመራሩ ጉዳይ ግን ለ20 ዓመት ያህል ባለቤት አጥቶ ቆየ። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብና የአሠራር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2010 ባወጣው ዘገባ፣ ከማምረት የሚመነጩ ሥጋቶች ወጥ በሆነ መንገድ እንዲመዘኑ ጠየቀ፤ በ2014 ደግሞ ኤስኤኢ ኢንተርናሽናል የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ኤኤስ6500ን አሳተመ። ወጪን መቀነስ ተገቢ ዓላማ ነበር፤ ይሁን እንጂ የጥራት ሥርዓት ያለው ፋብሪካ ምርቱን መምራትም ያውቃል ብሎ ማሰቡ ብዙ አስከፍሏል።

የሁለቱ ደረጃዎች ልዩነት በሚያነሡት ጥያቄ ይታወቃል። ኤኤስ9100 በዋናነት የሚጠይቀው የተሠራው ዕቃ ከንድፉ ጋር መስማማቱን ሲሆን፣ ኤኤስ6500 ግን ወደ ኋላ ሄዶ ንድፉን ራሱን ይሞግታል፤ ይህ ንድፍ በሚፈለገው ቁጥር፣ ጊዜና ዋጋ፣ ባሉት ማሽኖችና ሠራተኞች ደግሞ ደጋግሞ ሊሠራ ይችላልን? ጥያቄው የሚነሣው ንድፉ ገና ወረቀት ላይ ሳለ ነው፤ በዚያን ጊዜ መስመር መለወጥ የሚያስከፍለው ጥቂት ሰዓት ሲሆን፣ ፋብሪካው ከተተከለ በኋላ ግን ያው ለውጥ የወራት ሥራና የብዙ ሚሊዮን ዶላር ጉዳይ ይሆናል።

ለዚህም ደረጃው መሐንዲሶቹ በንድፉ ላይ ካሉት በሺህ የሚቆጠሩ ልኬቶች መካከል ቁልፍ ባሕርያት የሚባሉትን፣ ማለትም በትንሹ ቢዛነፉ የዕቃውን ጥንካሬ፣ ገጣጠም ወይም ዕድሜ የሚጎዱትን፣ ለይተው እንዲያወጡ ይጠይቃል። ክንፍ ከአካል ጋር የሚጣበቅበትን የብሎን ቀዳዳ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ቀዳዳው ከታሰበው ስፋት በ0.04 ሚሊሜትር ብቻ እንዲሰፋ ወይም እንዲጠብ ተፈቅዷል እንበል። የመብሻው ማሽን ቀዳዳዎች በታሰበው ልክ ዙሪያ ሲበታተኑ የመበታተናቸው መለኪያ 0.01 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የተፈቀደው ወሰን ከመካከሉ የመለኪያውን 4 እጥፍ ይርቃል፤ የሙያው ሰዎች ይህን ርቀት ለ3 አካፍለው የሂደቱ ብቃት 1.33 ነው ይላሉ። ማሽኑ ከመካከሉ እስካልተንሸራተተ ድረስ ከ100,000 ቀዳዳዎች ወሰን የሚያልፉት ከ10 በታች ይሆናሉ። ብቃቱ ወደ 1 ቢወርድ ግን ቁጥሩ ወደ 270 ይደርሳል፤ ልዩነቱን ደግሞ በዓይን የሚያይ ማንም የለም። ማሽኑ ከመገዛቱና ሠራተኛው ከመቀጠሩ በፊት ይህ ስሌት መሠራት ያለበትም ስለዚህ ነው።

አንድ ናሙና አሳምሮ መሥራትና አንድ ሺህ ተመሳሳይ ዕቃ መሥራት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸው በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ ተዘንግቷል። ናሙናውን የሚሠሩት የተመረጡ ባለሙያዎች ናቸው፤ አልገጥም ያለውን በሞረድ እያስተካከሉ፣ የጎደለውን በልምዳቸው እየሞሉ ያጠናቅቁታል፤ የእጃቸው ጥበብ ግን በንድፉ ላይ አልተጻፈም። የአሜሪካ መከላከያ በናሙናና በብዛት በማምረት መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት የማምረት ዝግጁነት ደረጃ የተባለ የ10 እርከን ሚዛን ይጠቀማል፤ 1ኛው እርከን ሐሳቡ ብቻ ያለበት ሲሆን፣ 8ኛው ፋብሪካው በጥቂት ቁጥር ማምረት ለመጀመር መብቃቱን፣ 10ኛው ደግሞ በሙሉ አቅም ያለ መንገጫገጭ ማምረቱን ያመለክታል።

ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር ደንቦቹ ወደ እጅ ሥራ ይወርዳሉ። ኤኤስ9102 በተባለው ደንብ መሠረት ከመደበኛው የምርት መስመር የወጣው የመጀመሪያው ዕቃ በንድፉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ልኬት ቁጥር ተሰጥቶትና በክብ ተከቦ አንድ በአንድ ይለካል፤ ውጤቱም ይመዘገባል። ምርቱ ለ2 ዓመት ከተቋረጠ ምርመራው ይደገማል፤ ማሽን ያረጃል፣ የሚያውቅ ሠራተኛም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። በሥራው ቦታ ግድግዳ ላይ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ የተሳለበት ሰሌዳ ይሰቀላል። ፈረቃው ሲያበቃ ካቻቢቴው፣ ፒንሳውና 13 ቁጥር ቁልፉ ወደየቅርጻቸው ይመለሳሉ፤ የአንዱ ቅርጽ ባዶ ሆኖ ከታየ መሣሪያው እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ በሞተር ውስጥ የተረሳች አንዲት ብሎን ሙሉውን ሞተር ታጠፋለችና።

መዝገብ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ጥር 5 ቀን 2024 ዓለም በሙሉ አይቷል። የአላስካ አየር መንገድ 737-9 ማክስ አውሮፕላን ከፖርትላንድ ተነሥቶ ሽቅብ እየወጣ ሳለ፣ ከግራ ጎኑ የበር ቦታ የሚዘጋው መድፈኛ ተነቅሎ ወደቀ። በአውሮፕላኑ ውስጥ 177 ሰዎች ነበሩ፤ ከቀዳዳው አጠገብ ያሉት ሁለት መቀመጫዎች ባዶ ስለነበሩ ማንም አልሞተም። መድፈኛው ወደ ላይ ተንሸራትቶ እንዳይወጣ የሚይዙት 4 ብሎኖች ናቸው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው፣ የአውሮፕላኑ አካል ከዊቺታ ከተማ ወደ ቦይንግ ኩባንያ የሬንተን ፋብሪካ ሲደርስ ከበሩ አጠገብ የተበላሹ ሪቬቶች ተገኙ፤ እነርሱን ለማደስ መድፈኛው መስከረም 2023 ላይ ተከፈተ፤ ሲዘጋ ግን ብሎኖቹ አልተመለሱም። ሠራተኞች ስለ ውስጥ ልባሱ ሲጻጻፉ በተላላኩት ፎቶግራፍ ላይ ከ4ቱ የብሎን ቦታዎች 3ቱ ባዶ ሆነው ይታያሉ፤ 4ኛው በሽፋን ተጋርዷል።

የፋብሪካው ደንብ አንድ ክፍል ሲነቀል የመንቀያ መዝገብ እንዲከፈት ያዝዛል፤ መዝገቡ ሲኖር ሥራው ሳይመረመር አይዘጋም። በዚያ ቀን መዝገብ ስላልተከፈተ፣ በወረቀት ላይ መድፈኛው ፈጽሞ አልተነካም፤ ያልተነካን ነገር ደግሞ የሚመረምር የለም። ቦርዱም ዋናውን ምክንያት በአንድ ሠራተኛ ላይ ሳያሳብብ፣ ኩባንያው ለሠራተኞቹ በቂ ሥልጠና፣ መመሪያና ክትትል ባለመስጠቱ ላይ አድርጎታል። ፍርዱ ትክክለኛ ነው፤ ብዙ ሺህ ሰው በሚሠራበት ቦታ ሰው መርሳቱ አይቀርም፤ መርሳቱን የሚይዝ ሥርዓት ማቆም ግን የአመራሩ ግዴታ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ 737 ማክስ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎችን የቀጠፈውን የበረራ ቁጥር 302 አደጋ ነው። ሁለቱ ግን የተለያዩ ጉድለቶች ናቸው። በዚያ አደጋ ያጠፋው የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ ንድፍና የተፈቀደበት መንገድ ነበር፤ የተሳሳተ ንድፍን ደግሞ የምርት ደረጃ አያርመውም፤ በየአውሮፕላኑ ላይ አንድ ዓይነት አድርጎ በታማኝነት ይደግመዋል።

ደረጃዎቹ ከትልቁ ፋብሪካ አልፈው ወደ አቅራቢዎች ሰንሰለት ይወርዳሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለቦይንግ አውሮፕላኖች የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል የሚሠራ እጅም ሆነ በአሜሪካ አሉሚኒየም የሚያቀልጥ ምድጃ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ይዳኛል። ብየዳንና የብረት ማሞቅን የመሳሰሉ፣ ውጤታቸው በዓይን የማይታይ ሥራዎች ናድካፕ በተባለ መርሐ ግብር በተለየ ሁኔታ ይመረመራሉ። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው የምስክር ወረቀት ሲዋሽ ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በ2009 እና በ2011 ሁለት ሳተላይቶችን ያጣው የሮኬቶቹ ሽፋን ባለመከፈቱ ሲሆን፣ ምርመራው የደረሰበት ለዓመታት የብረት ጥንካሬ ውጤቶችን እየለወጠ ሲጽፍ በኖረ አንድ የአሉሚኒየም አቅራቢ ላይ ነው፤ ጥፋቱም ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ከሁሉም የሚያስተምረው ግን ማንም ያልዋሸበትና ሁሉም የተጋበት ጉዳይ ነው። ለአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶች ካሜራ ይሠራ የነበረው ፐርኪን-ኤልመር በዳንበሪ፣ ኮነቲከት፣ የሐብል ቴሌስኮፕን 2.4 ሜትር ስፋት ያለውን መስታወት ሠርቶ ነበር። መስታወቱ የሚለካበት መሣሪያ ሲገጣጠም፣ በውስጡ ያለው ሌንስ የሚቀመጥበት ርቀት በመለኪያ ዘንግ ይወሰን ነበር። ከዘንጉ ጫፍ ላይ ካለው ክዳን ቀለም ትንሽ ተልጦ ስለነበር፣ የመለኪያው ብርሃን ከዘንጉ ጫፍ ሳይሆን ከተላጠው ክዳን ተንጸባረቀ፤ በዚህም ሌንሱ 1.3 ሚሊሜትር ያህል ከቦታው ራቀ። ሌንሱ በተዘጋጀለት ቦታ አልደርስ ሲል ሠራተኞቹ ለምን ብለው አልቆሙም፤ ራንዴላ፣ ማለትም ከብሎን ሥር የምትገባ ቀጭን የብረት ቀለበት፣ ጨመሩበትና ሥራው ቀጠለ። መስታወቱም በተሳሳተው መሣሪያ እየተለካ እጅግ ፍጹም በሆነ ጥራት ወደ ተሳሳተ ቅርጽ ተወለወለ፤ ጠርዙ ከሚገባው በላይ ጠፍጣፋ የሆነው በ2 ማይክሮሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰው ፀጉር ውፍረት አንድ ኀምሳኛ ያህል ብቻ ነው። ሌላ መለኪያ ስሕተቱን አሳይቶ ነበር፤ ዋናው መሣሪያ የበለጠ ትክክል ነው ተብሎ ስለታመነ ግን ውጤቱ ወደ ጎን ተተወ።

ቴሌስኮፑ በሚያዝያ 1990 ወደ ጠፈር ወጥቶ የላካቸው ምስሎች ብዥ ብለው በመታየታቸው ምርመራ ሲጀመር፣ መርማሪዎቹ ዳንበሪ ሲደርሱ መለኪያው መሣሪያ ማንም ሳይነካው፣ ልክ መስታወቱ በተሠራበት ጊዜ እንደነበረው ተቀምጦ አገኙት። በዚህ ምክንያት የሌንሱን መራቅ በቀጥታ ለመለካት፣ ከዚያም የመስታወቱን ስሕተት በትክክል አስልቶ ማረሚያ መስታወቶችን ለማዘጋጀት ተቻለ፤ በታኅሣሥ 1993 ጠፈርተኞች ወጥተው ገጠሟቸው፣ ቴሌስኮፑም አጥርቶ ማየት ጀመረ።