ከጉዞው በፊት መለዋወጫው

አንድ ሆስፒታል አዲስ የኦክስጅን ማሽን ሊገዛ ወይም በእርዳታ ሊቀበል ሲል ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ማጣሪያውና ቫልቩ በስንት ጊዜ ይቀየራል? መለዋወጫው ከየት መጥቶ በስንት ቀን ይደርሳል? ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ በየትኛው በጀት ተይዟል? የማሽኑ ዋጋ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ግን ማሽኑ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ በየዓመቱ ይመለሳሉ። በባዮሜዲካል ሙያ የቆየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ገና ያላረጀ መሣሪያ አንዲት ትንሽ ዕቃ ጠፍታ ጥግ ይይዛል።

ሰውን ወደ ማርስ ስለመላክ የሚወጡ ዕቅዶችንም የማነበው በዚሁ ዓይን ነው። በግል ገንዘብ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በሮኬቱ ዋጋ ላይ ይሽከረከራል። ለእኔ ሮኬቱ የግዢ ዋጋ ነው። ሰዎቹ እዚያ ደርሰው መተንፈስ ከጀመሩ በኋላ ያለውን ወጪ ማን፣ እስከ መቼ ይሸከማል? የጉዳዩ አዋጭነት የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የእኛን ማሽን እንይ። በዎርድ ውስጥ የሚሠራ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ብዙ ነገር የለውም። አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ አለ፤ አየር የሚጨምቅ ኮምፕረሰር አለ፤ ዚዮላይት በሚባል ጥቃቅን እንክብል የተሞሉ ሁለት ሲሊንደሮች አሉ፤ አየሩን በየጥቂት ሰከንዱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዞር ቫልቭ አለ። እንክብሉ ናይትሮጅኑን ይዞ ኦክስጅኑን ያሳልፋል። 21 በመቶ ኦክስጅን ያለው የክፍሉ አየር ከ90 በመቶ በላይ ሆኖ ይወጣል። ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ወይም እንክብሉ እርጥበት ሲጠጣ ይህ ቁጥር ይወርዳል። ፍሎሜትሩ ላይ ያለችው ኳስ ግን አብራ አትወርድም፤ 5 ሊትር ላይ እንደቆመች ትቆያለች። ኳሷ የምትለካው ምን ያህል አየር እንደሚያልፍ እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ አይደለም። ነርሷ ቁጥሩን አይታ ታልፋለች፤ ሕፃኑ አፍንጫ የሚደርሰው ግን ከክፍሉ አየር ብዙም ያልተሻለ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የኦክስጅኑን ንጽህና በአናላይዘር ሳንለካ ማሽኑ ደህና ነው ብለን የማንፈርመው።

ማርስ ላይ ኦክስጅን የሠራ ማሽን እስካሁን አንድ ብቻ ነው። ስሙ ሞክሲ ይባላል፤ በፌብሩዋሪ 2021 ማርስ ላይ ባረፈችው የናሳ ተሽከርካሪ በፐርሰቪራንስ ሆድ ውስጥ ተገጥሞ ሄደ። የማርስ አየር 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ እንደኛ ማሽን አጣርቶ ማለፍ አይበቃም። ሞክሲ አየሩን ስቦ ይጨምቀዋል፤ እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያግለዋል፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ ሰብሮ ኦክስጅኑን ለብቻው ያወጣዋል። እስከ ኦገስት 2023 ድረስ 16 ጊዜ ሠርቶ በጠቅላላው 122 ግራም አመረተ፤ ከሁሉ የበረታበት ጊዜ በሰዓት 12 ግራም ነበር። ንጽህናው 98 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ በሌላ ፕላኔት አየር ላይ ያልተሞከረ ነገር ተሞክሮ ሠርቷል።

ይሁንና አንድ ሰው በቀን 840 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። የሞክሲ የሁለት ዓመት ምርት ተጠራቅሞ ለአንድ ሰው የሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ትንፋሽ ነው። ከመተንፈሻው ኦክስጅን በላይ የሚከብደው ደግሞ የመመለሻው ነው። በናሳ ግምት አራት ሰዎችን ከማርስ ምድር ለማስነሳት 7 ቶን ነዳጅና 25 ቶን ኦክስጅን ያስፈልጋል። አራቱ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ የሚተነፍሱት አንድ ቶን ያህል ነው። በሰዓት 12 ግራም ያወጣው ማሽን በሰዓት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ወደሚያወጣ ማሽን ማደግ አለበት። ከዚያም አቧራ በማይለየው ቦታ፣ ማጣሪያውን የሚያራግፍለት ሰው ሳይኖር፣ ከዓመት በላይ ሳያቋርጥ መሥራት ይጠበቅበታል።

በግል ገንዘብ የተሠራና ሰው የተዘጋበት ትልቅ ሙከራ ቀደም ሲል አይተናል፤ የተካሄደውም እዚሁ ምድር ላይ ነው። በአሪዞና፣ ኦራክል ከተባለች ከተማ አጠገብ፣ የቴክሳሱ ባለሀብት ኤድዋርድ ባስ ገንዘብ ባዮስፌር 2 ተሠራ። ከ1 ሄክታር በላይ የሚሸፍን የመስታወት ግቢ ሲሆን ውስጡ ጫካ፣ እርሻና ትንሽ ባሕር ነበረው። በሴፕቴምበር 1991 ስምንት ሰዎች ለሁለት ዓመት ገቡበት። ኦክስጅኑ ግን ከወር ወር እየቀነሰ ሄደ። ከ16 ወር በኋላ 14.5 በመቶ ያህል ደረሰ፤ ይህም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደመኖር ነው። የስሜን ተራሮችን አናት የወጣ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። ሰዎቹ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ እንቅልፍም ራቃቸው። ምክንያቱ በኋላ ተገኘ። በለም አፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ኦክስጅኑን እየተነፈሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፤ ያንን ደግሞ የሕንፃው ኮንክሪት ይውጠዋል። ስለዚህ ኦክስጅኑ በተክሎቹ በኩል ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ተዘጋ። በጃንዋሪ 1993 ኦክስጅን ከውጭ በቱቦ ገባላቸው፤ ስምንቱም በሰላም ወጡ።

ያን ቀን ያዳናቸው የመኪና መንገድ መኖሩ ነው። ማርስ ይህ መንገድ የላትም። ከምድር ወደ ማርስ ለመሄድ የሚመቸው ጊዜ በ26 ወር አንዴ ይመጣል፤ ጉዞው ደግሞ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። የመነሻው ጊዜ ባለፈ ማግስት አንድ ቫልቭ ቢሰበር ተተኪው ሦስት ዓመት ሊጠጋው ይችላል። እኛ ጋ መለዋወጫ ሲዘገይ ሲሊንደር እናስሞላለን፤ ከአጎራባች ሆስፒታል እንዋሳለን፤ አንዱን ማሽን ፈትተን ሌላውን እናድናለን። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያም የሚኖረው እንዲህ ነው። ከኦክቶበር 2014 እስከ ጁን 2015 ድረስ ወደ ጣቢያው የተላኩ ሦስት የጭነት መንኮራኩሮች ጠፉ። ሦስተኛው በጠፋ በሳምንቱ ሌላ ጭነት ስለደረሰ የጣቢያው ሕይወት ቀጠለ።

ማርስ ዋን የተባለው የሆላንዳዊው ባስ ላንስዶርፕ ዕቅድ ይህን የመለዋወጫ ጥያቄ ፊት ለፊት አገኘው። ድርጅቱ አራት ሰዎችን ሳይመለሱ ለመላክ 6 ቢሊዮን ዶላር ይበቃል አለ፤ ገንዘቡንም በዋናነት ከቴሌቪዥን ስርጭት ለማግኘት አሰበ። በ2014 የኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕቅዱን በሞዴል ፈተሹት። ምግቡን ሁሉ እዚያው ለማምረት የሚበቃ አዝመራ ከተዘራ፣ ተክሎቹ ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ያወጣሉ፤ ኦክስጅን ሲበዛ ደግሞ የእሳት አደጋ ይመጣል። አየሩን ወደ ውጭ በማስወጣት ለማስተካከል ሲሞከር ናይትሮጅኑ አብሮ ያልቃል። በሞዴሉ መሠረት የመጀመሪያው ሰው በ68ኛው ቀን ገደማ ይሞታል። እኔን ከሁሉ ያስቆመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፦ ከ130 ወር በኋላ ወደ ማርስ ከሚላከው ጭነት 62 በመቶው መለዋወጫ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን አራት ሰዎች ለማስፈር ብቻ 15 ከባድ ሮኬቶችና ወደ 4.5 ቢሊዮን ዶላር የማስወንጨፊያ ወጪ ያስፈልጋል፤ ተጨማሪ ሰው በሄደ ቁጥር ወጪው ያድጋል። ላንስዶርፕ በውጤቱ አልተስማማም። ኩባንያው በጃንዋሪ 2019 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል በሚገኝ ፍርድ ቤት ከሰረ ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያ ኩባንያ የከሰረው ማንም ሰው ከመሄዱ በፊት ነው። አራቱ ሰዎች ደርሰው ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ማን ይረከባቸው ነበር?

የግል ገንዘብ አንድ ጠባይ አለው፤ ባለቤቱ ሐሳቡን ሲለውጥ አብሮ ይለወጣል። በ2001 በራሱ ገንዘብ ወደ ጠፈር ጣቢያ የሄደው ዴኒስ ቲቶ በ2013 አንድ ባልና ሚስት ማርስን ዞረው በ501 ቀን እንዲመለሱ አቀደ፤ መነሻው በጃንዋሪ 2018 ይሆን ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ ለአሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ያለ መንግሥት እጅ እንደማይሆን ተናገረ፤ ከናሳም ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልግ ነበር። ዕቅዱ በዚያው ቀረ። ጃፓናዊው ባለሀብት ዩሳኩ ማዬዛዋ በ2018 አርቲስቶችን ይዞ ጨረቃን ለመዞር የገዛውን ጉዞ በጁን 2024 ሰረዘው። በባዮስፌር 2ም ቢሆን በ1994 ሁለተኛው ቡድን ገብቶ ሳለ ኤድዋርድ ባስ ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር ተጣልቶ አስወጣቸው፤ ሙከራው ከታሰበው ጊዜ በፊት ተቋረጠ። እነዚህ ሰዎች በገንዘባቸው የማዘዝ መብት አላቸው፤ አልወቅሳቸውም። የሕይወት መቆያ ማሽን ግን በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ቴክኒሻን በዚህ ጉዳይ ይሞግተኛል። «ጋሼ፣ ገንዘቡ የራሱ ነው፤ የሚሄዱትም ፈቅደው ነው። ሌላው ምን አገባው?» አለኝ አንድ ቀን፣ ኮምፕረሰር ፈትተን እያጸዳን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንዲህ አልኩት፦ «ኦክስጅን ላይ የተኛው በሽተኛም ፈርሞ ነው የገባው። የፈረመው ግን ማሽኑ ይሠራል ብሎ ነው። ማጣሪያው ባይቀየርለት ፊርማው እኛን ነፃ ያወጣናል?» ዝም ብሎ ሥራውን ቀጠለ፤ ጥቂት ቆይቶ፦ «እሺ፣ ታዲያ መንግሥት ሐሳቡን አይለውጥም?» አለኝ።

ይለውጣል። ናሳ በ1970 የመጨረሻዎቹን የአፖሎ የጨረቃ ጉዞዎች ሰርዟል፤ ኮንስተሌሽን የተባለው የጨረቃ ፕሮግራምም በ2010 እንዲቆም ተወስኗል። የግል ኩባንያ ደግሞ መንግሥት ያልቻለውን ችሏል። ኢሎን ማስክ በ2002 የመሠረተው ስፔስኤክስ የሮኬቱን የታችኛውን ክፍል መልሶ ማሳረፍን የዘወትር ሥራ አድርጎታል። በኦክቶበር 2024 ስታርሺፕ ከተባለው መንኮራኩሩ ሥር የሚገጠመውን ግዙፍ ሮኬት ሲመለስ በማማ ክንዶች አየር ላይ ይዞታል። ባለሀብቱ ጃሬድ አይዛክማን በከፊል የራሱን ገንዘብ ባፈሰሰበት በፖላሪስ ዶውን ጉዞ በሴፕቴምበር 2024 ከመንኮራኩር ወጥቶ በጠፈር ቆሟል። ይህን ሁሉ አከብራለሁ። ስፔስኤክስም ቢሆን ግን ብቻውን አልቆመም፤ በዲሴምበር 2008 ከናሳ ያገኘው 1.6 ቢሊዮን ዶላር የጭነት ውል ባይኖር ዛሬ ስለ ስታርሺፕ ባልተወራም ነበር። ናሳ በ2021ም ለጨረቃ ማረፊያ 2.89 ቢሊዮን ዶላር ሰጥቶታል። ሙሉ በሙሉ የግል የሚባል የጠፈር ጉዞ ከስሙ በቀር ብዙም የለም።

ስለዚህ ክርክሩን ከ«የግል ነው ወይስ የመንግሥት» አውጥቼ ወደ ቅደም ተከተሉ እወስደዋለሁ። ሮበርት ዙብሪንና ዴቪድ ቤከር በ1990 ያቀረቡት ማርስ ዳይሬክት የተባለ ዕቅድ አንድ ጤነኛ ሐሳብ ይዟል። መመለሻው መንኮራኩር ባዶ ታንክ ይዞ አስቀድሞ ይሄዳል፤ በማርስ አየር ተጠቅሞ ነዳጁንና ኦክስጅኑን ራሱ ያመርታል፤ ታንኩ መሙላቱ ከምድር ሲረጋገጥ ብቻ ሰው ይነሳል። አዲስ የኦክስጅን ፕላንትም በሽተኛ ሳይገናኘው ተነሥቶ፣ ተለክቶ፣ ለቀናት ሠርቶ ነው የምንረከበው። ለማርስ መለኪያው ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይችልም።

አንድ ባለሀብት ሰው ልልክ ነው ብሎ ዕቅዱን ቢያሳየኝ አራት ነገር አያለሁ። የኦክስጅን ማሽኑ ሰው በሌለበት እዚያው ማርስ ላይ ሙሉ 26 ወር ሠርቶ የተመዘገበ ውጤት አለው? የመለዋወጫው ዝርዝር በክብደትና በቁጥር ተጽፎ፣ ቢያንስ የሁለት ዙር ጭነት ቀድሞ ደርሷል? ለመመለሻውና ለጥገናው የሚሆነው ገንዘብ ኩባንያው ቢከስር፣ ባለቤቱ ቢሞት ወይም ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ ማንም በማይነካው የአደራ ሒሳብ ተቀምጧል? ከተጓዦቹ መካከል ቫልቭ ፈትቶ የሚገጥም እጅ ስንት ነው? አብራሪና ሳይንቲስት ብቻ ከሆኑ ቡድኑ ጎደሎ ነው።

ዛሬ ባለው ነገር ለአራቱም አዎ የሚል ዕቅድ አላየሁም፤ ስለዚህ ዛሬ ሰው መላኩን አዋጭ አልለውም። አራቱም ግን በገንዘብና በትዕግሥት የሚሟሉ ናቸው፤ የፊዚክስ ሕግ አይከለክላቸውም። ለማርስ ገንዘብ ያለው ባለሀብት የመጀመሪያውን ቢሊዮን ሰው ለማስነሳት ከሚያወጣው፣ ሰው ሳይኖር ሁለት ዓመት የሚሠራ የኦክስጅን ፋብሪካ ልኮ በየቀኑ የሚያወጣውን ንጽህና ለዓለም ቢያሳይ፣ ጉዞውን ከማንም ንግግር በላይ ያቀርበዋል። እንዲህ ያለ ማሽን እዚያ ቆሞ ሲሠራ ካየሁ የሰዎቹን ጉዞ ከሚደግፉት አንዱ እሆናለሁ፤ ወጣቱን የሥራ ባልደረባዬንም ማመልከቻ እንዲያስገባ እመክረዋለሁ፤ ያ ቡድን እንደሱ ያለ ባለሙያ ያስፈልገዋልና።