ሐረር ለምን አትሞቅም? የከፍታ ጸጋና ዋጋው

ከድሬዳዋ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ወደ ሐረር ስትወጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድሬዳዋ ላይ በላብ የተጠመቀው ተሳፋሪ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ሐረማያ ሲደርስ ጃኬቱን ይፈልጋል። ርቀቱ ያን ያህል አይደለም። የተለወጠው ከፍታው ነው።

«ከፍ ስንል ወደ ፀሐይ እንቀርብ የለ? ታዲያ ለምን ይቀዘቅዛል?» የሚል አይጠፋም። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ፣ የአንድ ተራራ ቁመት ከቁጥር አይገባም። አየሩን በዋናነት የሚያሞቀው በፀሐይ የጋለው መሬት ነው። የሞቀ አየር ሽቅብ ሲወጣ ከላዩ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ ለመለጠጥ የሚያወጣው ጉልበት ደግሞ ከራሱ ሙቀት ስለሆነ ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የ700 ሜትሩ ልዩነት ሲሰላ 4.5 ዲግሪ ይሆናል።

እንግሊዞች በሕንድ ሙቀት ሲበዛባቸው ሽምላን የመሰሉ የተራራ ከተሞች አለሙ። ሐረር ግን የማንም ማረፊያ ተብላ አልተቆረቆረችም። በዘይላ ወደብና በደጋው መካከል ያደገች የንግድ ከተማ ናት፤ የጀጎልን ግንብ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ለመከላከያ ነው። ቅዝቃዜው ግን ለቡናውም፣ በረሃውን አቋርጦ ለሚመጣው ነጋዴም ተስማማ።

ከፍታ ዋጋም ያስከፍላል። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ ስለከበደ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ደረሰ፣ ድሬዳዋም እዚያው ተወለደች።

ሁለተኛው ዋጋ ውሃ ነው። ከተማዋ ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ፤ ለመስኖ ብዙ ውሃ ይሳብበት ነበር፣ ደለልም ሞላው። ከዚያ በኋላ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በፓምፕ ሽቅብ መገፋት ጀመረ። እስቲ እናስላው፦ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 700 ሜትር ለማንሳት፣ ምንም ሳይባክን እንኳ፣ ባለ 10 ዋት አምፖል 4 ሰዓት ገደማ የሚያበራ ጉልበት ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ታዲያ ፓምፑም ይቆማል።

በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ላይ ውሃ መመለሱ ትልቅ ዜና የሆነው ለዚህ ነው። ሐረማያ ከሐረር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ከቆላ ማንሳት የለም። ሐይቁን በእንክብካቤ መያዝ የነፋሻማዋን ከተማ የውሃ ሂሳብ ማቅለል ነው።