አምፔላኪያ፦ በቀይ ክር የከበረች የተራራ መንደር

በግሪክ ቴሳሊ ክፍለ ሀገር፣ ከላሪሳ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አምፔላኪያ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ግሪኮች ኦሳም ኪሳቮስም በሚሉት ተራራ ወገብ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። የተራራው ጫፍ 1,978 ሜትር ይደርሳል። ማዶ ኦሊምፖስ ይታያል፤ ቁልቁል ደግሞ የፒኒዮስ ወንዝ ሁለቱን ተራሮች ሰንጥቆ ወደ ኤጂያን ባሕር የሚወርድበት የቴምፒ ሸለቆ አለ። ዛሬ የነዋሪዎቿ ቁጥር ከጥቂት መቶ አያልፍም። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግን የቪየናና የላይፕዚግ ነጋዴዎች ስሟን አሳምረው ያውቁት ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመንደሯን ታሪክ ለመረዳት ከሸለቆው መጀመር ይሻላል። ቴምፒ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ መተላለፊያ ሲሆን፣ ከመቄዶንያ ወደ ቴሳሊ ሜዳ በባሕሩ በኩል የሚመጣ ሁሉ ያልፍበታል። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ የቴሳሊ ሰዎች ሜዳቸው ጥንት ሐይቅ እንደነበረና ውሃው የሚወጣበትን ገደል የከፈተው ፖሲዶን የተባለው አምላክ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ግን ገደሉ በመሬት መንቀጥቀጥ የተሰነጠቀ መስሎ ታይቶታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስ ሲዘምት 10,000 ያህል የግሪክ እግረኞች ሊያግዱት እዚህ ሰፍረው ነበር፤ ሌላ የተራራ መንገድ መኖሩን ሲሰሙ ግን ለቀው ሄዱ። በሚያዝያ 1941 ደግሞ የኒው ዚላንድና የአውስትራሊያ ወታደሮች በዚሁ ሸለቆ ከጀርመን ጦር ጋር ተዋግተዋል።

ሠራዊት የሚመላለስበት መንገድ አጠገብ መኖር አደጋ አለው፤ ንግድ ከሚያልፍበት መንገድ መራቅም ድህነት ያመጣል። አምፔላኪያ ከሁለቱም መሐል ነበረች፤ ከመንገዱ በላይ፣ ግን ለመንገዱ ቅርብ። በኦቶማን ዘመን ለሙ የቴሳሊ ሜዳ በአብዛኛው በትላልቅ ባለርስቶች እጅ ሲገባ ገበሬው ጭሰኛ ሆነ። የተራራ መንደሮች ግን ግብራቸውን በሽማግሌዎቻቸው በኩል እየከፈሉ ጉዳያቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ዕድል ነበራቸው። ተዳፋት መሬት ብዙ ሕዝብ አይቀልብምና አምፔላኪያዎች በእጅ ሙያ ላይ በረቱ። ጥጡ ከሜዳው ይመጣላቸዋል፣ ምንጩ ከተራራው ይወርድላቸዋል።

ሙያቸው የጥጥ ክርን ደማቅ ቀይ ማቅለም ነበር። ቀለሙ የሚገኘው ሪዛሪ ከሚባል ተክል ሥር ነው። ሥሩ ተነቅሎ ይደርቅና ይፈጫል፤ ክሩ ግን ወዲያው አይነከርም። መጀመሪያ በወይራ ዘይት፣ በሶዳ ውሃና በበግ በጠጥ ድብልቅ ደጋግሞ እየተዘፈዘፈ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቀለም የሚያሲዙ ነገሮች ከተጨመሩለት በኋላ ነው ከተፈጨው ሥር ጋር የሚቀቀለው። በመጨረሻ ታጥቦ ይጠራል። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል፤ ውጤቱ ግን እጥበትም ፀሐይም የማይበግረው ቀይ ነው። የአውሮፓ ሸማኔዎች ይህን ቀለም ለማግኘት ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍሉ ነበር።

በተሰሎንቄ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ፌሊክስ ቦዡር በ1800 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የመንደሯን ሕዝብ 4,000፣ የማቅለሚያ ቤቶቿን 24 ያደርሳል። በዓመት 2,500 እስር ክር ይቀለም እንደነበርና እያንዳንዱ እስር 100 ኦቃ (የኦቶማን የክብደት መለኪያ) እንደሚመዝን ጽፏል፤ ይህ ከ300 ቶን በላይ ነው። ወንዶቹ ሲያቀልሙ ሴቶቹ ይፈትሉ ነበር፤ ሕፃናትም ሳይቀሩ ይሠሩ ነበር። ስለ መንደሯ ገናናነት የሚጻፉ ገጾች ይህን የሴቶችና የሕፃናት ድካም በአንድ ሐረግ ማለፋቸው ልክ አይመስለኝም። ያለ ፈትል የሚቀለም ክር የለም።

ቀድሞ እርስ በርስ ይሻሙ የነበሩት ነጋዴዎች በ1770ዎቹ መጨረሻ ግድም አንድ ማኅበር መሠረቱ። የአክሲዮን ጣሪያ ተበጀ፤ ትልቁ ድርሻ ከትንሹ አራት እጥፍ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ዓላማው ባለሀብቱ ትርፉን ጠቅልሎ እንዳይወስድ ነበር። ወኪሎቻቸው በቪየና፣ በፔሽት፣ በላይፕዚግና በድሬስደን ተቀመጡ። ብዙ ሰው «በዓለም የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ማኅበር» ይለዋል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን አይስማሙበትም። እኔም ማዕረጉ የተጋነነ ይመስለኛል። ሥልጣኑ ካፒታል ባላቸው ቤተሰቦች እጅ የነበረ የነጋዴዎች ሽርክና ነው። ሆኖም ድርሻን መገደቡ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

የማኅበሩ መሪ ግሪኮች ማቭሮስ፣ ጀርመኖች ሽዋርዝ የሚሉት ጆርጅ ነበር። እስከ 1798 ያሠራው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ዛሬም ቆሟል። ምድር ቤቱ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ሲሆን የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነበር። ላይኛው ፎቅ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉ የእንጨት ሰገነቶችና ባለ ቀለም መስታወት መስኮቶች አሉት፤ ግድግዳዎቹም በአበባና በከተማ ሥዕሎች ተሸፍነዋል።

ውድቀቱን ብዙዎች በ1811 ከደረሰው የኦስትሪያ መንግሥት ኪሳራ ጋር ብቻ ያያይዙታል። በዚያ ዓመት የወረቀት ገንዘቡ ዋጋ ወደ አንድ አምስተኛ ሲወርድ በቪየና የተቀመጠ ሀብታቸው ተነነ። ነገር ግን ማኅበሩ አስቀድሞ ታሞ ነበር። አባላቱ ተከፋፍለው በክስ ተጠምደዋል፣ የናፖሊዮን ጦርነቶች ገበያውን አውከዋል፣ አካባቢውን ይገዛ የነበረው የኦቶማን ሹም አሊ ፓሻ የጣለው ግብር ከብዷል። ከሁሉ በላይ እንግሊዝ በማሽን የፈተለችው ርካሽ ክር ገበያውን ወረረ። ኪሳራው ባይደርስ እንኳ በእጅ ፈትል የቆመ ንግድ ያንን ማሽን የሚቋቋም አይመስለኝም። በ1869 የሪዛሪ ቀለም በላቦራቶሪ መሠራት ሲችል ደግሞ ሙያው ራሱ ዋጋ አጣ።

ቴሳሊ በ1881 ወደ ግሪክ ስትጠቃለል አምፔላኪያ የቀድሞ ሀብቷን ካጣች ቆይታለች። በ1980ዎቹ የመንደሯ ሴቶች ለእንግዶች ማደሪያና የአገር ቤት ምግብ የሚያቀርብ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ የሽዋርዝ ቤትም ሙዚየም ሆኗል። ከ2017 ወዲህ ከአቴንስ ወደ ተሰሎንቄ የሚሄደው ፈጣን መንገድ በቴምፒ በኩል በዋሻ ያልፋል፤ ተጓዡም መንደሯን ሳያይ ያልፋታል። በዚያ በኩል የምትጓዙ ካላችሁ ከዋሻው በፊት ወደ ተራራው ታጠፉ፤ ቤቱን ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃል።