የቡሬ መንገድ የክፍያ መንገድ ቢሆን ማን ይከፍላል?

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም በቆሎ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና በሕግ የተደነገገ የመንገድ ቀረጥ በር ላይ ቆሞ አይከፍልም። በነፃ ይሄዳል ማለት ግን አይደለም። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ከየሊትሩ ለመንገድ ፈንድ የምትቆረጥ ሳንቲም አለች፤ የመንገድ ጥገና ወጪ በዋናነት ከእሷ ይሸፈናል።

በር ላይ መክፈልን ያስለመደን የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የተሠራው በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ሲሆን በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ማስከፈል ጀመረ። የግል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ባለቤቱ ግን መንግሥት ነው። ያዋጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የጅቡቲ ዕቃ በዚያ ያልፋል። ሁለተኛ፣ በደብረ ዘይት የሚያልፈው አሮጌው መንገድ በነፃ ስለቀረ የሚከፍለው ወዶ ነው፤ የቆጠበው ጊዜና ነዳጅ ከክፍያው ሲበልጥበት ይገባል።

መንገድን ለግል ባለሀብት መስጠት ሌላ ስሌት ነው። በሩን የከፈተው በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076 ነው። ባለሀብቱ ተበድሮ ይሠራል፣ ለብዙ ዓመታት እያስከፈለ ብድሩንና ትርፉን ያወጣል፣ በመጨረሻ መንገዱን ለመንግሥት ያስረክባል። ችግሩ ብድሩ በዶላር፣ ገቢው በብር መሆኑ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የዶላር ዋጋ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ያን ጊዜ ወይ ክፍያው ይሰቀላል፣ ወይ ዋስ የገባው መንግሥት ይሸፍናል። ሜክሲኮ በዚህ ዓይነት ውል ተቀጥታለች፦ ለግል ድርጅቶች ከሰጠቻቸው 52 መንገዶች፣ መኪናው ከተገመተው በታች ሆኖ ብድሩ ሲከብድ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሃያ ሦስቱን ከነዕዳቸው መልሳ ተረከበች።

ወደ ጎጃም እንምጣ። ከደጀን በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚያደርስ ሌላ አስፋልት አለ፤ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ግን አይጠቅምም። አማራጭ ለሌለው ሰው ክፍያው እንደ ግብር ነው። የበቆሎ ዋጋ የሚቆረጠው በአዲስ አበባው እህል በረንዳ ስለሆነ ነጋዴው የበር ክፍያውን ገዢ ላይ መጫን አይችልም፤ ከገበሬው መግዣ ላይ ይቀንሰዋል። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ሳቢያ በየጊዜው የሚዘጋ መንገድ ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ባለሀብት፣ ጠንካራ የመንግሥት ዋስትና ካልተሰጠው በቀር፣ የሚመጣ አይመስለኝም።

መንገዱን የሚበላው ደግሞ ሁሉም መኪና እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖች ባደረጉት ሙከራ፣ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ እንደሚጠጋ ታይቷል። ሚኒባስና የቤት መኪና አስፋልቱን እምብዛም አይጎዱትም፤ ከልክ በላይ የጫነ ተሳቢ ግን ጉድጓዱን ቆፍሮ ያልፋል። ስለዚህ በዚህ መስመር ከክፍያ በር በፊት የክብደት ሚዛን ይቅደም፤ ከልክ በላይ የጫነም ይክፈል።