ከሽንት ቤት የሚወጣ መብራት

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ለእናቶች ስለ ባክቴሪያ ሳስተምር ወሬዬ ሁሉ ተቅማጥና እጅ መታጠብ ነበር። ዛሬ ግን ቆሻሻ በልቶ መብራት ስለሚሰጥ ባክቴሪያ ላጫውታችሁ።

ነገሩ እንግዳ ይምሰል እንጂ ቆይቷል። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፖተር፣ ተህዋስያን ምግብ ሲያብላሉ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር የገለጸው በ1911 እ.ኤ.አ. ነው። በ1987 ደግሞ በአሜሪካ ከፖቶማክ ወንዝ ጭቃ ጂኦባክተር የተባለው ባክቴሪያ ተገኘ። እኛ ስንተነፍስ ኦክስጅን እንደምንጠቀም ሁሉ፣ እሱ በጭቃ ውስጥ ያለውን የብረት ዝገት ይጠቀማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አየር በማይገባው የፍሳሽ ዕቃ ውስጥ ካርቦን ይቀመጣል። ባክቴሪያዎቹ ካርቦኑ ላይ ተጣብቀው ቆሻሻውን ሲበሉ ኤሌክትሮን ይለቃሉ። ኤሌክትሮኑ በሽቦ አልፎ አየር ወደሚነካው ሌላ ካርቦን ሲሄድ አምፖል ያበራል፤ ፍሳሹም ቆሻሻው ይቀንስለታል። በተለመደው ማጣሪያ ጣቢያ ግን ፍሳሹ ውስጥ አየር ለመንፋት ብቻ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል።

የእንግሊዝ ብሪስቶል ተመራማሪዎች ይህን በሽንት ሠርተውታል። በኡጋንዳ ኪሶሮ በሚገኝ የሴቶች ትምህርት ቤት የተማሪዎቹ ሽንት የሽንት ቤቱን መብራት በሌሊት አብርቷል። ይህን ሳነብ ጨለማ ፈርተው ሽንታቸውን ይዘው የሚያድሩ፣ ማታ ውሃ መጠጣት የሚተዉ ልጃገረዶች ትዝ አሉኝ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟቸው ሲመጡ አክሜአቸዋለሁ። ለእነሱ አንዲት አምፖል ቀላል ነገር አይደለችም።

ሆኖም ነገሩን አናጋን። የአንዱ ዕቃ ጉልበት ከ1 ቮልት በታች ስለሆነ ብዙዎቹን ማያያዝ ግድ ነው፤ ከተማ የሚያበራ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚህ መንገድ ያለፈ ውሃ ጠራ ማለት ከጀርም ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ሌላ ማጣሪያና ማከሚያ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ ሳይንሱ እስኪደርስልን የእኛ ድርሻ ያው ነው። ልጆች ፍሳሽ አጠገብ አይጫወቱ። ከወንዝ ዳር የመጣ ሰላጣና ጎመን በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ጎመኑንም በደንብ አብስሉ። ከሽንት ቤት መልስ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሴት ልጃችሁ አዳሪ ትምህርት ቤት የምትማር ከሆነ ደግሞ «ማታ ሽንት ቤቱ መብራት አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት። ከሌለው ለርዕሰ መምህሩ ንገሩ።