ከአደባባዩ ሥር ያለው አሮጌ ጣቢያ

ባለፈው እትማችን ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ስንጽፍ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ መሬት ውስጥ እንደሚገባ ነግረናችሁ ነበር። ለዚያ ዋሻ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም ከቦታው ተነስቶ፣ በኋላ እንደተመለሰም ጽፈናል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ልጆች "አዲስ ሲሠራስ እሺ፣ መሬት ውስጥ ያለ ጣቢያ ሲያረጅ ምን ይደረጋል? አፍርሰው ነው የሚሠሩት? ከላይ ያለው አደባባይስ?" እያሉ ጠየቁን። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም አክስቴ የምትኖርበትን የአሜሪካውን የቦስተን ከተማ ጣቢያ ልንገራችሁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ከዚህ በኋላ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ቦስተን በአሜሪካ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ የባቡር መንገድ የተሠራባት ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ ትሬሞንት በሚባለው መንገድ ላይ ትራም በትራም ላይ ተደራርቦ፣ ከአንዱ ትራም ጣራ ወደ ሌላው ጣራ እየተራመዱ መሄድ ይቻላል እስኪባል ድረስ ተጨናንቆ ነበር። ስለዚህ ትራሞቹን መሬት ውስጥ አስገቧቸው። አሠራሩ ሰፈራችን ውስጥ የውሃ ቧንቧ ሲቀበር እንደምናየው ነው። መንገዱን ይቆፍሩታል፣ ግድግዳና ጣራ ይሠራሉ፣ ከዚያ መልሰው አፈር ይደፉበትና ከላይ ሰው ይሄድበታል። የመጀመሪያው ክፍል በ1897 ተከፈተ። የኛ ጣቢያ ደግሞ በ1898 ሥራ ጀመረ፤ ስሙም ስኮሌይ ስኩዌር ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ የአድዋ ድል ከሆነ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ነው!

ታዲያ ይህ ጣቢያ አንድ ፎቅ ብቻ አይደለም። ከላይ አሁን አረንጓዴ መስመር የሚባለው ትራም ያልፋል። ከሱ በታች ደግሞ ሌላ ባቡር አለ፤ ሰማያዊ መስመር ይሉታል። እሱ በባሕር ሥር በተሠራ ዋሻ አልፎ ወደ አየር ማረፊያው አቅጣጫ ይሄዳል። የታችኛው ፎቅ የተከፈተው በ1916 ነው። በ1960ዎቹ ከላይ ያለውን ሰፈር በሙሉ አፈረሱትና በቦታው አዲስ ማዘጋጃ ቤትና በቀይ ጡብ የተነጠፈ በጣም ሰፊ አደባባይ ሠሩ። የጣቢያውም ስም ተቀየረና ገቨርንመንት ሴንተር ተባለ። አክስቴ "ክረምት ላይ እዚያ አደባባይ ላይ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል" ትላለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጣቢያው አሳንሰር አልነበረውም። ከአደባባዩ ወደ ትራሙ ለመውረድ ደረጃ ነው። ከትራሙ ወደ ታችኛው ባቡር ለመውረድም ሌላ ደረጃ። ከአረንጓዴው መስመር ወርዶ በቀጥታ ሰማያዊውን ለመያዝ ደግሞ ያለው ቦታ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በዊልቸር የሚሄድ ሰው በሌሎቻችን መንገድ መሄድ አይችልም ማለት ነው። ባቡሩ አለ፣ ትኬቱ አለ፣ ግን ደረጃው አያሳልፍም።

በአሜሪካ አካል ጉዳተኞች በማንኛውም የሕዝብ አገልግሎት እንዲጠቀሙ የሚያደርግ ሕግ በ1990 ወጥቷል። ሕግ ወጣ ማለት ግን አሳንሰር ተገጠመ ማለት አይደለም! በ2002 ጆአን ዳንኤልስ ፋይንጎልድ የምትባል ዊልቸር የምትጠቀም ሴትና ጓደኞቿ የከተማውን የትራንስፖርት ድርጅት ፍርድ ቤት ከሰሱት። በ2006 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ ድርጅቱም አሳንሰሮችን ለመጨመርና ለማሻሻል ቃል ገባ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። መሐንዲሶቹ ከመምጣታቸው በፊት "እኛስ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር።

የኛ ጣቢያ መጋቢት 2014 ላይ ተዘጋ። ለሁለት ዓመት! ሰዉ አማሯል። ግን ክፍት ሆኖ ይሠራ ቢባል መንገደኛው በሚተላለፍበት መሐል መቆፈር ስለማይቻል ሥራው ይጎተት ነበር። ከባዱ ነገር ደግሞ ጣቢያው ቢዘጋም ባቡሮቹ አልቆሙም፤ ሳይቆሙ ያልፉ ነበር። አክስቴ ስትነግረኝ፣ ትራሙ እዚያ ሲደርስ ቀስ ይላል፣ መስኮቱ ላይ የሠራተኞቹ መብራትና አቧራ ይታያል፣ ከዚያ ጨለማ ይሆናል። አሳንሰር ለማስገባት ከአደባባዩ ጀምሮ የላይኛውን ፎቅ አልፎ እስከ ታችኛው የሚደርስ ቀዳዳ ያስፈልጋል። በዚያ መሐል ደግሞ የመቶ ዓመት ግድግዳ አለ፣ ሐዲድ አለ፣ ኤሌክትሪክ አለ። እኛ አንዲት የግድግዳ ሚስማር ስንመታ እንኳን ግድግዳው ይፈረፈርብን የለ!

መጋቢት 2016 ላይ ተከፈተ። አደባባዩ ላይ የነበረው ጨለም ያለ የጡብ መግቢያ ፈርሶ ትልቅ የመስታወት ቤት ተሠራ። ቁመቱ ወደ 12 ሜትር ይጠጋል፤ የቀን ብርሃን ወደ ውስጥ ያስገባል። አሳንሰሮችና በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ደረጃዎች ተገጠሙ። አንድ ነገር ግን አልጣሉም። በታችኛው ፎቅ ግድግዳ ላይ በትናንሽ ሸክላ የተጻፈ የድሮው ስም ነበር፤ እሱን ጠብቀው አስቀመጡት። አክስቴ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች፤ ከዚህ ገጽ ጀርባ ያለውን ሥዕል የክበባችን አባል የሣለው ከዚያ ፎቶ ነው። (ባቡሩን ትንሽ አስረዝሞታል፣ ይቅርታ።)

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ ነገር እያሰብኩ ነበር። በክራንች የምትሄድ የክፍላችን ልጅ አለች። የ7ኛ ለ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ከሷ ጋር ሆነን ቆጠርነው፤ 34 ነው። በእረፍት ሰዓት አትወርድም፤ ወርዳ ስትመለስ ደወሉ ስለሚደወልባት። ምሳዋንም እዚያው ትበላለች። ስለሷ ልጻፍ ወይ ብዬ ጠይቄያት "ጻፊ፣ ግን አሳዝናለሁ ብለሽ እንዳትጽፊ" ብላኛለች።

መምህራኖቻችን፣ እኛ አሳንሰር አልጠየቅንም። የመስታወት ቤትም አንፈልግም። ምድር ላይ ያሉትን የ5ኛ ሀ ልጆች አናግረናቸው ፎቅ ላይ መውጣት ደስ ይለናል ብለዋል (እንዲያውም ከላይ ሜዳው በደንብ ይታያል ብለው ተሻምተዋል)። ክፍላችን ከነሱ ክፍል ጋር ቢቀያየር ሁለት ዓመት አይፈጅም። ዴስክና ወንበሩን ቅዳሜ ጠዋት እኛው እንሸከማለን፤ 19 ልጆች ስማቸውን አስመዝግበዋል። ዝርዝሩ በሚኒ ሚዲያ ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል፣ መጨመር የሚፈልግ ይጻፍበት።